«እጅሽ ነክቶታል?»

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በእጃቸው ያልነኩትን ማሽን ደህና ነው ብለው ፈርመው አያውቁም። መጀመሪያ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ።

ደሴ ምሕንድስና ተምሬ እንደጨረስኩ ኮምቦልቻ፣ እሳቸው መሐንዲስ በሆኑበት የጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። የሞተሮቹን ሙቀት የሚከታተል አዲስ ፕሮግራም ገጥመን ነበርና ኮምፒውተሩን አይቼ፣ «ጋሼ፣ ይፈርሙ እንጂ፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው» አልኳቸው።

«ቃሪያስ አረንጓዴ አይደለም? እስቲ ምላስሽን ጠይቂው!» ብለውኝ ወደ ማሽኑ ሄዱ። ሞተሩን ነክተው እጃቸውን ወዲያው ሰበሰቡ፤ ይፋጃል። ለካ የሙቀት መለኪያውን በስህተት ከጎኑ ባለው ሞተር ላይ ያሰርኩት እኔው ነኝ። እዚያው አጠገቡ ሴቶች ቆመው ክር ይቀጥላሉ።

አልተቆጡኝም። «ፕሮግራሙን አትውቀሺው፤ የነገርሽውን ነው የሚያወራው። ነገ አላህ ፊት የሚጠየቀው ግን እሱ አይደለም፤ የፈረመው ነው» አሉኝ።

ከአገር ከወጣሁ በኋላም ሥራ ከማስረከቤ በፊት እደውልላቸው ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «እጅሽ ነክቶታል?» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት አረፉ። ለቀብራቸው አልደረስኩም።

ዛሬ አለቃዬ የአንድ ሆስፒታል መጠባበቂያ ጄኔሬተር ወረቀት አመጣልኝና «በኮምፒውተር ተፈትኗል፤ ፈርሚልን» አለኝ። ስልኬን አነሳሁ። የምደውልላቸው አለመኖራቸው ትዝ ያለኝ ቁጥራቸውን ካወጣሁ በኋላ ነው።

«እጄ አልነካውም» አልኩት። «ተነሥቶ ሲሠራ ሳላይ አልፈርምም።»

ተቆጣ። ይቆጣ። ነገ በጠዋት ሄጄ፣ ሰዓቴን አውልቄ ኪሴ እከታለሁ።