የድራም መቺዋ አንድ ዓረፍተ ነገር

በዚያ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ድራም መቺዋ እኔ ነበርኩ። ታሪኩ መድረክ ስላጡ አራት ሴቶች የሮክ ባንድ ነው። በየክፍሉ ወይ ጊታሩ ይሰበራል፣ ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ አዳራሽ ያከራየን ሰውዬ ስልኩን ያጠፋል። ዘፈን በዘፈን ሆነን እንከስራለን። እኔን የመረጡኝ ለትወና ችሎታዬ እንዳይመስላችሁ። ከአርባ ምንጭ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ድራሙን ያለ ርኅራኄ የምትደበድብ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ችግሩ ድራም መቺ አትናገርም። ዘፋኟ ታለቅሳለች፣ ጊታር ተጫዋቿ ትፈላሰፋለች፣ እኔ ከኋላ እደበድባለሁ። የሚታየውም ፀጉሬ ብቻ ነው። እናቴ በየሳምንቱ ጎረቤት ሰብስባ "አሁን ትናገራለች፣ ዝም በሉ!" ትላለች። ሰዉ ዝም ይላል፤ እኔም ዝም እላለሁ። የጸሎት ቡድኗ ሴቶች ደግሞ ባንዱ እንዲሳካለት ከልባቸው ይጸልያሉ። የፈጠራ ታሪክ መሆኑን ብነግራቸው "ታዲያ ለድራማ ቢጸለይ ምን አለበት?" አሉኝ።

በመጨረሻ ዳይሬክተሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠኝ። ባንዱ በሚፈርስበት ትዕይንት እንጨቶቼን ወርውሬ "ያለ እኔ እናንተ ምንም ናችሁ!" ብዬ እሄዳለሁ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ሽንት ቤት ሳይቀር ተለማመድኩት። እናቴም ለሰፈሩ ሁሉ አወጀች።

ቀረጻው ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ሙዝ ማሳ ውስጥ ነበር። ዳይሬክተሩ "ተጣሉ!" አለ፤ ተጣላን። ዘፋኟ ጮኸች፣ ጊታር ተጫዋቿ ባልዲ በእርግጫ አለች። እንጨቶቼን ከፍ አድርጌ አፌን ስከፍት፣ ከሙዙ መሃል ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ወጡና ፊታችን ተንበረከኩ።

ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ጠቡ አበቃ። እሱን አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ መዘዙ እስከ ልጅ ልጅ የሚከተል ነውር። አራታችንም ሳናስብ ተንበረከክን። ካሜራማኑም የአገሩ ልጅ ነውና ካሜራውን ትቶ ተንበረከከ። ቆሞ የቀረው ከአዲስ አበባ የመጣው ዳይሬክተር ብቻ ነበር።

"አባቶቼ፣ ይሄ እኮ ትወና ነው!" አለ።

"ገብቶናል ልጄ" አሉት ትልቁ ሽማግሌ። "ለትወናም ቢሆን መታረቅ ይሻላል።"

"እኔ እንዲታረቁ አልፈልግም!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ይኸው፣ የጠቡ ሥር ተገኘ" አሉና እሱኑ አስቀምጠው ይመክሩት ጀመር። ምክሩ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ቆየ። ያን ያህል የጠበቅኩት ዓረፍተ ነገር ሳይነገር ቀረ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ መኪና ላይ ጭኖን ወደ ምዕራብ ዓባያ ሸሸ። መንገድ ላይ ሳር የተሸከመ ሰው ባየ ቁጥር፣ ለላሙ ያጨደውን እንኳ ሳይቀር፣ ነዳጅ ይረግጣል። ደርሰን አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ አስገባን፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና "ተጣሉ!" አለ።

ዘፋኟ ጮኸች። ባልዲው ተረገጠ። ተራዬ ደረሰ። እንጨቶቼን አንስቼ የዘፋኟን ዓይን አየሁ፤ ትላንት ጎን ለጎን ተንበርክከን እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር። ቃሉ አልወጣ አለኝ። ፈልጌው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ፈልጌው ነበር። ግን ታርቀናላ! ቁጭ ብዬ ድራሙን መምታት ጀመርኩ። ዘፋኟ ግራ ገብቷት ዘፈነች፤ ሌሎቹም ተከተሉን። ዳይሬክተሩ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የመጣላት አቅም አልነበረውም፤ ቀረጻውን እንዳለ አስተላለፈው።

የተላለፈ ዕለት ቤታችን ጢም ብሎ ሞላ። እናቴ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። ድራም መታሁ፣ አለቀ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ወጣ። አንዷ እናቴን ለማጽናናት "ዲዳም ብትሆን ጎበዝ ናት እኮ" አለቻት።

ብቻችንን ስንቀር እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ለመሆኑ ምን ልትዪ ነበር?"

ነገርኳት።

"ለጓደኞችሽ?" አለች። ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። "እንኳንም አልተናገርሽ።"