አፍ የሆነልኝ ይበልጣል

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀር ይህ ጉሮሮ ራሱ ይከሰኛልና ዛሬ ፊታችሁ ቆሜአለሁ። መጋቢያችን “አሥር ደቂቃ” ብለውኛል። የሚያውቀኝ ሰው ግን በአሥር ደቂቃ ሰላምታዬን እንኳ እንደማልጨርስ ያውቃል። አትሳቁ፤ ዛሬ ላስቃችሁ አልመጣሁም። ቢሆንም ጌታ ይባረክ!

ሥራዬን ታውቃላችሁ። እዚሁ ቢቸና መናኸሪያ “ሞጣ! ሞጣ! አንድ ሰው የቀረው!” እያልኩ ተሳፋሪ እጠራለሁ። አሥራ አምስት ሲቀረው ማለቴ ነው። በደህናው ጊዜ እኔ እዚህ ስጣራ ደብረ ወርቅ ላይ ውሻ ይጮህ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ሲጠራጠረኝ የአክስቴ ልጅ ይበልጣል ብድግ ብሎ፣ “እውነቱን ነው! ውሻው የአማቼ ነው፤ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለውም” ይል ነበር።

ይበልጣልን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሞጣ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው ግማሽ ቀን ተቀምጦ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ ሱሪውን እዚያው ረስቶ ይወጣል። ሠርግ ያለ እርሱ አይደምቅም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኛው እህል አልቀምስ ሲል “ኧረ ይበልጣልን ጥሩት” ይባላል። አብረን አደግን፣ አብረን ጠጣን፣ አንዱ ሲዋሽ ሌላው እየማለ ኖርን። ያኔ ጌታን አላውቀውም። ስሙን አውቃለሁ፤ ስምል እጠራዋለሁ፤ በቃ።

ከዚያ ድምፄ ጠፋ። መጀመሪያ ሻከረ፤ “ብርድ ነው” አልኩ። ማር በላሁ፣ ጠበል ጠጣሁ፣ ዳማከሴ ጨመቁልኝ። አንድ ጠዋት “ሞጣ” ልል አፌን ብከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ወገኖቼ፣ የኔ ቢጤ ሰው ድምፁን ሲያጣ ምን እንደሚቀረው ታውቃላችሁ? ጥርሱ ይቀረዋል። እኔ ደግሞ እሱም የለኝም።

ይበልጣል ሱቁን ዘግቶ ከሞጣ መጣ፤ ሐኪም ቤትም ይዞኝ ገባ።

“ምንህን ያምሃል?” አለ ሐኪሙ።

“ዶክተር፣ እሱ አይናገርም። አፉ እኔ ነኝ” አለ ይበልጣል።

“አንተ ምኑ ነህ?”

“የአክስቱ ልጅ። ከተወለድን ጀምሮ ተራ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ዛሬ ገና መናገሬ ነው።”

ሐኪሙ ሳቀ። ጉሮሮዬን አይቶ ሲጨርስ ግን ፊቱ ሌላ ሆነ። “እባጭ አለ። ምንነቱን ለማወቅ ባሕር ዳር መሄድ አለበት። ድምፁ ላይመለስ ይችላልና አእምሯችሁን አዘጋጁ” አለን። በዚያ ሰሞን ደግሞ የባሕር ዳር መንገድ ተዘግቶ ነበር።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ነርስ ተከተለችን። ያችው፣ እዚያ ጋ ተቀምጣለች፤ እህት ማርታ፣ አንገትሽን አትድፊ! ያኔ ከሆሳዕና ከተማ ተመድባ ከመጣች ገና ወሯ ነው። “ወንድሜ፣ ልጸልይልህ?” አለችኝ። በእኔ ፈንታ ይበልጣል መለሰ፦

“ጸልዪለት እህቴ። በኛ በኩል ወረፋው ረዝሟል፤ በናንተ በኩል አጭር ከሆነ እስቲ አስገቢልን።”

ሳቀችና ጸለየች። ሲበቃ እኔን አየችኝ፤ “አንተም ጸልይ። እርሱ ሳትናገርም ይሰማሃል” አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የተመታሁት፣ ቅዱሳን። ዕድሜዬን ሙሉ ካልጮህኩ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ቤቴ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ያለ ድምፅ፣ “ጌታ ሆይ፣ ቀልዴ አለቀ። አንተ ብቻ ተቀበለኝ” አልኩት። ያን ቀን የተመለሰው ድምፄ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ሃሌሉያ!

ድምፅ ባጣሁባቸው ወራት ይበልጣል በየሳምንቱ እየመጣ አፌ ሆነልኝ። ግብዣ ላይ ከጎኔ ይቀመጣል። እኔ ጠግቤአለሁ ለማለት ሆዴን ስደባብስ፣ “ሥጋ ጨምሩልኝ ይላል!” ብሎ ይጮሃል። በእጄ ኧረ አይደለም ስል፣ “ከጎድኑ ይሁን ይላል!” ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ያለ ድምፅ እፈርሳለሁ። በዚያ ሁሉ ጨለማ አንድም ቀን ከሰው በታች ሆኜ እንድቀመጥ አልፈቀደም።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ እያስታጠበችኝ “ልጨምር?” ስትል “ጨምሪ” አልኳት። ማስታጠቢያውን እግሬ ላይ ጣለችው። ጌታ ይመስገን! ሐኪሙ ደጋግሞ ካየኝ በኋላ፣ “እባጩን አላየውም። እንዴት እንደሄደ ልነግርህ አልችልም” አለኝ። ይህን ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። በሕይወቴ ሳላጋንን የማወራው ይህን አንዱን ነው።

ለይበልጣል ደወልኩ።

“ማን ልበል?”

“እኔ ነኝ።”

ዝም አለ። ይበልጣል ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቆይቶ “ቀስ በል፣ ጆሮዬን አደነቆርከው” አለና ዘጋው።

በማግስቱ መልሶ ደወለ፤ “መቼ ነው ጉባኤው ፊት የምትቆመው? እመጣለሁ። ከኋላ ተቀምጬ፣ ከዋሸህ እጄን አወጣለሁ” አለኝ። ወገኖቼ፣ እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። ያን ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ እንዲሰማኝ እንደ ልጅ ጓጓሁ። ከቀልዳችን ወጥቼ፣ ጌታ ምን እንዳደረገልኝ ዓይኑን እያየሁ ልነግረው ፈለግሁ። ቀኑ እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። ሐሙስ ጠዋት ይበልጣል ሱቁን ሊከፍት ወጥቶ በሩ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ።

ሞጣ ሄጄ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገባሁ። ዘመድ ሁሉ ተቀምጧል፤ የንስሐ አባታቸውም አሉ። እምነት ለውጧል ተብዬ ስለነበር ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እናቱ አክስቴ ባንቻምላክ ግን በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ።

“ና ወዲህ። ልጄ እሑድ ሊሰማህ ነበር፤ ልብሱን ተኩሶ ሰቅሎታል። ለሱ ልትነግረው የነበረውን ለኔ ንገረኝ።”

ቄሱን አየሁ። “እናት ጠይቃሃለች፤ ተናገር ልጄ” አሉኝ።

ተናገርኩ። አንድም ሰው አልሳቀም። ስጨርስ አክስቴ እጄን ያዙኝ።

“ድምፅህ ከጠፋ ጀምሮ ጠላ በአፉ አልዞረም፤ ታውቃለህ? በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ስላንተ ያለቅስ ነበር። የደወልክለት ቀን እዚያው ሱቁ ወለል ላይ ተንበረከከ። ‘ንገረው እንጂ ልጄ’ ስለው፣ ‘እማ፣ ከሰማ ዕድሜ ልኩን ይቀልድብኛል’ አለኝ።”

ቅዱሳን፣ እህት ማርታን አመሰገንኩ። ሐኪሙን አመሰገንኩ። እናንተንም አመሰገንኩ። እርሱን ግን በምን አውቄ ላመስግነው? አፌ የሆነልኝን ብቻ አየሁ፤ በጌታ ፊት እንባዬም እንደሆነልኝ አላየሁም። አሁን ድምፅ አለኝ፤ እርሱ የለም። እንጀራዬ ሆኖ፣ እርሱ የተቀበረበትን ከተማ ስም በየቀኑ እየጮህኩ እጠራለሁ። ጌታ የማንን ጸሎት ሰማ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው የሰማውን ጌታ ነው፤ ለእርሱ ክብር ይሁን!

ዛሬ ጌታዬን አመሰግናለሁ፤ ሐዘኑ አንጀቴን ቢቆርጠውም አመሰግናለሁ። እዚህ የተቀመጥክ፣ ድምፅህ ለማንም የማይደርስ የሚመስልህ፣ በእርሱ ታመን፤ ይሰማል። አንተ ደግሞ ከጎንህ የሚያስቅህ ሰው ያለህ፣ ከዚህ ስትወጣ ፈልገው። መጀመሪያ ቀልድ፤ ግድ የለም። ከዚያ ግን “ስላንተ እጸልያለሁ” በለው። እርሱም ያፍራል፤ አንተም ታፍራለህ። ተፋፈሩ፣ ወገኖቼ፤ በሕይወት ሳላችሁ ተፋፈሩ።