ጪጩ ላይ ዝናብ ድምፄን የወሰደው ዕለት

ባለፈው ሳምንት ዲላ ውስጥ አንዲት እጩ መምህርት ስታስተምር ልገመግም ክፍል ገብቼ ከኋላ እንደተቀመጥኩ፣ የረጠበ ሹራብና የጠመኔ ብናኝ ተቀላቅለው የሚፈጥሩት ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ በእጄ የያዝኩትን የምዘና ቅጽ ረስቼ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ዲላ አቅራቢያ ወዳለችው ጪጩ፣ ወደዚያች አራተኛ ክፍል ተመለስኩ።

ያኔ እጩዋ እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ፣ ጫማዬ የእህቴ፣ ድምፄ ግን የራሴ፣ ያውም ከክፍሉ አልፎ ቡና የተሰጣበት ግቢ ድረስ የሚሰማ። የማስተምረው አማርኛ ነው። ልጆቹ ቤታቸው የሚያወሩት ጌዴኡፋ ስለሆነ “አንተ” እና “አንቺ” ይደበላለቁባቸዋል፤ ጠዋት በር ላይ ከበውኝ “ቲቸር፣ መጣህ?” ይሉኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ከፋኝ፣ በሁለተኛው ለመድኩት፣ በሦስተኛው እናቴ “መጣሽ?” ስትለኝ ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።

እኔን እንዲከታተሉ ከኮሌጅ የተመደቡት መምህር ጥላሁን፣ በሙቀትም በብርድም የኮታቸውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው የሚቆልፉ፣ መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጠው ቀና ሳይሉ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስት ጊዜ ያዩኛል፤ በሦስተኛው ይወሰናል። በመጀመሪያው ቀን ለወንድና ለሴት የሚባለውን አነጋገር ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አብራርቼ፣ ላቤን እየጠረግኩ ስወጣ ጠሩኝ።

“ዛሬ ስንት ልጅ ተናገረ?”

“ሁሉም በደንብ ያዳምጡ ነበር መምህር።”

“ማዳመጣቸውን አልጠየቅኩሽም።”

በሁለተኛው ቀን የባሰ አብራራሁ። ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ “አንቺ አማርኛ ትችያለሽ፤ እሱን አረጋግጫለሁ። የቀሩት ልጆቹ ናቸው። ሦስተኛውም እንዲህ ከሆነ አላሳልፍሽም” አሉኝ። ካላለፍኩ ዓመቱን እደግማለሁ፤ እናቴ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ “ልጄ በመስከረም መምህርት ናት” ብላ ጨርሳለች።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ፍርሃት ሰውን ብልህ አያደርግም፤ ሦስት ገጽ ተጨማሪ ማብራሪያ ጽፌ በቃሌ ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን መምህር ጥላሁን ቦታቸውን ይዘው፣ እኔም “ልጆች፣ ዛሬ የምንማረው” ብዬ እንደጀመርኩ ዝናቡ ወረደ። ክፍሉ ኮርኒስ የለውም፣ ቆርቆሮው ራቁቱን ነው። ጮህኩ፤ አፌ ሲከፈት ይታያል እንጂ ለራሴም አልሰማኝ። ሦስቱ ገጾቼ እዚያው ጉሮሮዬ ውስጥ ቀሩ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ በትልቁ “ና” ብዬ ጻፍኩና አንዱን ወንድ ልጅ በእጄ ጠራሁት፤ መጣ። “ነይ” ብዬ ጽፌ አንዷን ጠራሁ፤ መጣች። ከዚያ “ነይ” የሚለውን እያሳየሁ ወደ ሌላ ወንድ ልጅ ስጠቁም ብድግ አለ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ሳቃቸው አይሰማም፤ ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። ልጁ ሰሌዳውን ደግሞ አየና ራሱን እየነቀነቀ ተቀመጠ።

ይኼን ጊዜ ማርታ የምትባል፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ልጅ፣ ከፊት ዴስክ ተነስታ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች። በተንጋደደ ፊደል “ተነስ” ብላ ጻፈች። ወንድ ፍለጋ ክፍሉን ቃኘችና ጣቷን ቀጥ አድርጋ ወደ መምህር ጥላሁን ጠቆመች።

“ይነሱ” ብዬ ላርም እጄን ሰደድኩ፤ ጠመኔው የለም፣ እሷ ጋ ነው። መምህር ጥላሁን ሰሌዳውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ እስክሪብቷቸውን ከደኑ፤ ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሱ። ልጆቹ ዴስኩን ይደበድቡት ጀመር። “ተቀመጥ” ብላ ጻፈች፤ ተቀመጡ። እሳቸውም በተራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ማርታ ትንሽ አሰበችና “ተቀመጪ” ብላ ጻፈች። በደስታ ተቀመጥኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ማርታ አጠገቤ መጥታ፣ “ቲቸር፣ ነገም ትመጣለህ?” አለችኝ።

መምህር ጥላሁን በር ላይ ቆመው ሰሙ። “ዛሬስ ስንት ልጅ ተናገረ?” አሉኝ።

“ማንም አልተናገረም መምህር፤ ዝናቡ እኮ...”

“ሁሉም ተናግሯል። አፋቸው ቀስ ብሎ ይደርሳል። እኔን የሚያህል ሽማግሌ ያስነሳች ልጅ አማርኛ አያቅታትም። አልፈሻል።” ትንሽ ሄድ ብለው ዞር አሉ። “ግን ‘ይነሱ’ የሚለውንም አስተምሪያት።”

የዚያን ቀን ባጃጅ አልተሳፈርኩም። የእህቴን ጫማ በእጄ አንጠልጥዬ፣ ከእንሰቱ ቅጠል የሚንጠባጠበው ውኃ አንገቴ ላይ እየወረደ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ ዲላ ድረስ በእግሬ ገባሁ። ሰውነቴ እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ያ የጪጩ ክፍል ኮርኒስ ገብቶለታል፤ ዝናብ መምህርን ዝም አያሰኝም። የማርታን መጨረሻ አላውቅም። መምህር ጥላሁን ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገቡ፤ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። አሁን እጩዎች እኔን ሲያዩ ድምፃቸው ይቆራረጣል። እኔን ግን ሳስተምር ተቀምጦ የሚያየኝ ሰው የለም፤ የምፈራው ከሌለ ደግሞ፣ “አልፈሻል” ብሎ እንደዚያ የሚያሳርፈኝም የለም።