ለትልቋ የተተወ እጥፋት

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ደግሞ የእሷ ተኳሽ፣ ቁልፍ ተካይ፣ ክር ለቃሚና ደንበኛ አባባይ ነኝ። አንዲት ክፍል ሱቅ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን አሥራ አምስት ዓመት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ሱቋ በፊት ለፊት ወደ መንገድ ትከፈታለች፤ በኋላ በኩል በመጋረጃ ተጋርዳ ከእህቴ መኖሪያ ቤት ጋር ትገናኛለች። ሥራው የት አልቆ ቤቱ የት እንደሚጀምር ማንም ለይቶት አያውቅም። የእህቴ ልጆች በዚያ መጋረጃ ሥር እየዳኹ ነው ያደጉት።

የልጅ ልብስ ስትሰፋ የማትለውጠው ሕግ አላት። ከቀሚሱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሦስት እጥፋት ትተዋለች፤ እያንዳንዱ ሁለት ጣት ይሆናል። ልጅቷ ስታድግ እናትየው ልብሱን ይዛ ትመጣለች፣ እህቴ አንዱን እጥፋት በምላጭ ትፈታለች፣ እኔ እተኩሰዋለሁ፣ ልብሱ አንድ ዓመት ይጨመርለታል። ስሟ የወጣው በዚህ ነው። "እሷ ጋ የተሰፋ ልብስ ከልጁ እኩል ያድጋል" ይሏታል፤ ወረፋውም ከዚህ የተነሳ ነው።

የራሷ ልጅ ቀሚስ ግን አንድም እጥፋት የለውም። ልጅቷ ስድስት ዓመት አልፏታል፤ በአባቷ ወጥታ ቁመቷ ይመዘዛል። እህቴ ልክ በልኳ ሰፍታ የተረፈውን ጨርቅ በመቀስ ትቆርጠዋለች። በሦስት ወሩ እጅጌው ወደ ክርኗ፣ ጫፉ ከጉልበቷ በላይ ይወጣል። የሰፈሩ ልጆች "ጉርዷ" ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙም ተለጥፎባት ቀረ፣ እኛም እንጠራበታለን። ጎረቤት ሲያልፍ "ምነው፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ጨርቅ ጠፋላት?" ይላል። እህቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ፔዳሏን ትረግጣለች። እኔም ስንቴ ተናገርኳት፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ዝም ማለት የማልችል ሴት ነኝ፤ ነገር ግን ምክንያቱን ስለማውቅ ብዙ አልገፋትም ነበር። የማውቅ መስሎኝ ነበር ብል ይሻላል።

ከጉርዷ በፊት አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ማርገዟን የሰማች ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ፣ ደንበኞች በተሰበሰቡበት ሱቁ መሐል ቆመችና "ከዛሬ ጀምሮ ትልቋ በሉኝ" ብላ አወጀች። ከዚያ ወዲያ በስሟ የጠራት ሰው መልስ አላገኘም። ገና ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ግን እሳት የላሰች ነበረች። የፊት ጥርሷን ራሷ ነቅላ የቁልፍ ቆርቆሯችን ውስጥ ጣለችው። "ቁልፍ ሲጎድልባችሁ ይሄን ትሰፉታላችሁ" አለችን።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው እህቴ ዩኒፎርሟን ሰፋችላት። ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታ። ሦስቱን እጥፋት ስታጥፍ እኔ ካውያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። "እንግዲህ እስከ ሦስተኛ ክፍል ሌላ እንዳትጠይቂን!" አልኳት ለትልቋ። ሳቀች። እህቴም ሳቀች። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እኔ በዚያች አንዲት ቃል ሲፈረድብኝ ኖሬያለሁ።

በሳምንቱ ትኩሳት ያዛት። አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ የለመደ ሰው አራቱንም ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ዋለ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ዐረፈች። ዩኒፎርሙ አንድ ቀን ሳይለበስ በወረቀት ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወጣ። ጉርዷ ያኔ በሆድ የአምስት ወር ነበረች።

ትልቋ ግን ከቤቱ አልወጣችም። ሌላ ቃል የለኝም። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ የእህቴ እግር ፔዳሉ ላይ ቀጥ ይላል፤ የመጨረሻው ልጅ አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አይነቃነቅም። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ መጋረጃውን ገለጥ አደረገው። እህቴ ከሥራዋ ቀና ሳትል "ግቢ፤ በሩን ዝጊው" አለች። ጉርዷ ከአባቷ ጋር ወጥታለች፤ ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።  ማንን እንደምታናግር መጠየቅ ግን አልደፈርኩም።

ጉርዷ የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው ከመቁረጫው ጠረጴዛ እግር ተነስታ እስከ እኔ ቀሚስ ድረስ ነው። አራት እርምጃ! ሁለት ደንበኞች አጨበጨቡ፣ እኔ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። "ቀስ በሉ!" አለች እህቴ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ደንበኞቹ ሲወጡ "ምን ነካሽ?" ብላት "እንዳይሰማ ብዬ ነው" አለች። ማን እንዳይሰማ፣ አላለችም።

ጉርዷም የዚህ ቤት ልጅ ናትና አይታት የማታውቃት እህቷን ከኔ ይበልጥ ታውቃታለች። ውሎዋ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ነው። እዚያ ሆና ከትልቋ ጋር ታወራለች፣ ትጣላለች፣ ብስኩት ታካፍላታለች። ባለፈው ወር ጥርሷ ሲወልቅ እኔ ሳላያት ቆርቆሮውን ከፍታ ጨመረችው። "አክስቴ፣ የትልቋ ጥርስ ከኔ ያንሳል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያንሳል። ቆርቆሮውን ቶሎ ብዬ ከደንኩት።

እንዲህ እያልን የጉርዷ ትምህርት ቤት መግቢያ ደረሰ። ሱቁ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞላ፤ የምንቀመጥበት ጠፋ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ለበሰ። በየቀኑ "የጉርዷስ?" እላለሁ፤ "ነገ" ትለኛለች። ሰኞ ሊከፈት ቅዳሜ ጠዋት ድረስ የጉርዷ ጨርቅ አልተቆረጠም። ሾፌሩ ወደ ሥራው ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና "ሰኞ ልጄ ከልጆቹ ተለይታ አትሄድም" አለ። ቁጣ አይደለም፤ እሱ መቆጣት አይችልበትም።  እህቴ ያለቁትን ልብሶች በከረጢት ይዛ ለደንበኛ ልታደርስ ወጣች።

ትንሽ ሥጋ እንደ መርፌ ትወጋ አይደል? አላስችል አለኝ። ራሴ እቆርጠዋለሁ አልኩ። የልኬት ደብተሩን አውጥቼ የጉርዷን ልክ ፈለግኩ፤ የለም። እህቴ ለካ ይቺን ልጅ አንድ ቀን በሜትር ለክታት አታውቅም፤ በዐይኗ ነው የምትሰፋላት። ገጹን እያገላበጥኩ ወደ መጨረሻው ስደርስ "ትልቋ" የሚል አየሁ።

"ስድስት ዓመት፦ ትከሻ 27፣ ደረት 60፣ ቁመት 65።" ይሄን አውቀዋለሁ፤ የዚያን ጊዜው የዩኒፎርሙ ልክ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ መስመር አለ። "ሰባት ዓመት፦ ትከሻ 28፣ ደረት 62፣ ቁመት 69።" ከዚያ ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ ሁለት ላይ በጎን "ደረቷ ላይ ትንሽ ሰፋ ይበል" ተብሎ ተጽፏል። የመጨረሻው መስመር አሥራ ሦስት ይላል፤ በዚህ ሳምንት በያዝነው አዲስ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው። ጨርቁ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

እህቴ ስትመለስ ደብተሩን እንደከፈትኩ አገኘችኝ። አልደነገጠችም።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ልኬት ነዋ።"

"የማን?"

"ማንበብ አቃተሽ?"

"እትዬ፣ ልጅቷ እኮ…"

"ታድጋለቻ!" አለች። "ልጅ አይደለች? ይሄን ሁሉ ልጅ ስለካ ኖሬ፣ በዓመት ስንት እንደሚጨምሩ የማላውቅ መሰለሽ?"

 ቢቸግረኝ "እሺ ለጉርዷስ? ለሷ ምናለ ሁለት ጣት ብትተዪላት?" አልኳት።

ከረጢቱን አጣጠፈች። ፈትታ እንደገና አጣጠፈችው።

"ትቼ ነበር እኮ" አለች። "በዚህ በእጄ ሦስት ዓመት አጥፌ ሰጥቻት ነበር። አንዷን እንኳ አልፈታሁላትም። አሁን ለዚችኛዋ አጥፌ ደግሞ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ? አልችልም። ልክ በልኳ ስሰፋላት ዛሬ ያለችው ይቺ ናት፣ ከዚህ ላይ የሚወሰድ የለም እላለሁ። ሲያጥራት ደስ ይለኛል። እናንተ ታፍራላችሁ፤ እኔ ተመስገን፣ አደገች እላለሁ።"

ያኔ ሰባት ዓመት የደበቅኩት ነገር ወጣ። "እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ። እስከ ሦስተኛ ክፍል ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች።  አልወቀሰችኝም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ።

ከጠረጴዛው ሥር ኮሽታ ሰማን። ጉርዷ ለካ እዚያው ነበረች። ጸጉሯ ላይ ክር ተጣብቆ ብቅ አለች።

"እማ፣ ትልቋ አሁን ስንት ዓመቷ ነው?"

ወይ ጉድ አልኩ በሆዴ። እህቴ ዐይኗን ከልጅቷ ላይ ሳትነቅል "አሥራ ሦስት" አለች።

"ረዥም ሆናለች?"

"ሆናለች።"

"ታዲያ ያ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ዩኒፎርም ጠቧታላ" አለች ጉርዷ። "ለኔ ትስጠኝ።"

 እህቴ "የሷ ነው" አለች፤ ድምፅዋ የሷ አይመስልም።

"አይሆናትም እኮ፣ እማ! እህት ያላቸው ልጆች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለብሱት። እኔ ብቻ ነኝ እህት እያለችኝ ያልተሰጠኝ።"

 እህቴ ልጅቱን ሐሰት ነው ልትላት አትችልም፤ በገዛ እጇ በየዓመቱ ስትጽፈው የኖረችው ነው። በርጩማ ስባ ወጣችና ጥቅሉን አወረደች። ወረቀቱ ስትነካው ተሰባበረ። ጉርዷ የለበሰችውን እዚያው አውልቃ ዩኒፎርሙን አጠለቀችው። ትከሻው ልክክ አለ፤ ጫፉ ግን ከጉልበቷ በላይ ቀረ።

"ይሄም አጠረኝ!" ብላ ሳቀች።

እህቴ አልሳቀችም። ያኔ ሁለታችንም አንድ ነገር አየን። ጉርዷ ትልቋን አልፋታለች። እህቴ ተንበረከከች፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደችና ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ለካቻት። እንደ ደንበኛ ልጅ ቁጥሩን ጮክ ብላ ነገረችኝ፤ "ትከሻ ሃያ ስምንት። ቁመት ስልሳ ዘጠኝ።" ጻፍኩ። ምላጩን አነሳችና የመጀመሪያውን እጥፋት ፈታች። ክሩ አርጅቶ ስለነበር አላስቸገረም። እኔ ውሃ እየረጨሁ ሁለት ጊዜ ተኮስኩት፤ የእጥፋቱ መስመር ግን አልጠፋ አለ። "ተይው" አለችኝ።

ሁለት እጥፋት ቀሩ። እህቴ መቀሱን አነሳች፤ የጉርዷን ትርፍ ጨርቅ ሁሌም እንደምታደርገው ልትቆርጥ። ጫፉን ያዘች።  እኔ በዚህ አፌ ምንም አልል፤ አንድ ጊዜ ተናግሬ አይቼዋለሁ። እህቴ መቀሱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና፣ ማንንም ሳታይ "ሁለቱ ይቆዩ" አለች።

ጉርዷ ጎንበስ ብላ መስመሩን በጣቷ ዳሰሰችው። "እስከዚህ ድረስ ትልቋ ናት" አለች። "ከዚህ በታች እኔ ነኝ።"

ሰኞ ተማሪዎች ሲለቀቁ የእህቴ እግር እንደ ልማዱ ቆመ። ልጆቹ እየጮኹ አለፉ፣ የመጨረሻውም አለፈ። እሷ ግን አልቀጠለችም። መጋረጃው ገለጥ ሲል ቀና ሳትል "ግቢ፤ በሩን ዝጊው" አለች። በሩ ተዘጋ። ጉርዷ ቦርሳዋን ይዛ ገባች። እህቴ ያን ጊዜ ቀና አለች፤ ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አይታ፣ ከልጇ ጀርባ ደግሞ ትንሽ ቆየት ብላ ተመለከተች። ከዚያ "ምሳሽን ጨረስሽ?" አለቻት።

ይኸው ዓመት ሆነው። ሁለተኛው እጥፋት ባለፈው ሳምንት ተፈታ። እህቴ አሥራ አራት የሚል አልጻፈችም፤ በድብቅ እያየሁ አረጋግጫለሁ። ትናንት ግን እሷ በሌለችበት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለመለካት መጣች፤ የፊት ጥርሶቿ መሐል ትንሽ ክፍተት አለ። ለካኋት፣ አሳቅኳት፣ ሸኘኋት። ስትሄድ ልኳን ልመዘግብ ደብተሩን ከፈትኩ። ዛሬ ጠዋት የልጅቷን ልክ በደንበኞች ገጽ ላይ ፈልጌ አጣሁትና የመጨረሻውን፣ የትልቋን ገጽ ገለጥኩ። ከአሥራ ሦስቱ ሥር "አሥራ አራት ዓመት፦ ትከሻ 37፣ ደረት 82፣ ቁመት 97" ይላል፤ ጽሕፈቱ የኔ ነው።