የአያ ይመር የኮረብታ እንግሊዝኛ

ልጅ ሳለሁ ሰባት የእንግሊዝኛ ቃላት አውቅ ነበር፤ ሰባቱም ከመሬት ብድግ ስላለ ነገር የሚናገሩ ናቸው። ውሃ ጠማኝ፣ እንዴት ዋልክ፣ አላህ ይስጥልኝ ማለት በዚያ ቋንቋ ዛሬም አልችልም። ግን እንግሊዝ አገር ወስዳችሁ ሜዳ ላይ ብትጥሉኝ፣ ከፊቴ የቆመውን ጋራ በስሙ ጠርቼ ደጁን አስከፍተዋለሁ።

ያስተማሩኝ አያ ይመር ናቸው። ያኔ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ታች፣ በወንዙ ዳር ዳር፣ የጥጥ እርሻው አገሩን እየዋጠ የሚሄድበት ዘመን ነበረ። እናቴ በእርሻው ሠራተኞች ካምፕ ሻይ ቤት ነበራት፤ አያ ይመርም እንደኛው ከወሎ የወረዱ፣ መሬት ለሚለካው ፈረንጅ ቀይና ነጩን የመለኪያ እንጨት ይዘው የሚቆሙ ሰው ነበሩ። ፈረንጁን እኛ ልጆች ባለ አምስት እግሩ እንለው ነበር፤ ሁለቱ የራሱ፣ ሦስቱ መሬት የሚለካበት መነጽር የሚቆምባቸው። አያ ይመር ከሱ ጋር አራት ዓመት ሲሠሩ የተማሩት እንግሊዝኛ እሱ በጣቱ እያሳየ የሚጠራውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በጣቱ የሚያሳየው ከሜዳው ከፍ ያለውን ብቻ ነበረ። የቀረው ሁሉ በእጅ ምልክት ነው፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቁም።

መሸት ሲል ሻይ ቤታችን ደጃፍ የጥጥ እንጨት ይነዳል። የጥጥ እንጨት ፍሙ ቶሎ ያልቃል፣ ጭሱ ግን እስከ ነገ ከሰው ፀጉር አይወጣም። እናቴ ፋኖሱን ከምሰሶው ስትሰቅለው አያ ይመር ከፍሙ አጠገብ ቁጢጥ ይሉና፣ መሬት በመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰፌድ ዝርግ እንደነበረች፣ ከእለታት አንድ ቀን ሰባት ልጆች በሆዷ ውስጥ ሲንፈራገጡባት እንዳደረች ይጀምራሉ። ትንሹ ማውንድ ይባላል፤ ጉብታ ነው፣ ከእናቱ ሆድ ሳይወጣ ጉልበቱን አቅፎ የቀረ። ሂል ኮረብታው ነው፣ ዕቃ ተሸክሞ ያጎነበሰ ደግ ሰው። ሪጅ ሸንተረሩ፣ እንደ ከሳ በሬ አከርካሪው የሚቆጠር። ክሊፍ ገደሉ፣ ተቆጥቶ ፊቱን ያዞረ። ፕላቶ ከሁሉ ትዕቢተኛ ነበረና ሰማዩን በራሱ ሊነካ ሲንጠራራ አላህ አናቱን እንደ ቅቤ ቀርፎ አምባ አደረገው፤ ይኸው ዛሬ ከብት ይግጥበታል። ማውንቴን ታላቃቸው ነው፣ ተራራው። ፒክ ደግሞ ሰባተኛ ልጅ ይሁን የታላቅየው ጥምጥም ገና አልታወቀም፤ ቀና ብሎ አይቶ የተመለሰ የለም።

ያን ጊዜ ፀሐይ ከፈንታሌ ጀርባ ስትገባ፣ ተራራው ጠቁሮ፣ ዳር ዳሩ እንደ ምጣድ ጠርዝ ግሎ ይታየኛል፤ እኔም እየተነፈሰ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የፈለገ ይሳቅብኝ። ቀን ቀን የድንጋይ ጥርቅም የመሰለኝ አገር ማታ ማታ ወንድምና እህት ሆኖ ከበበኝ። የምስጥ ኩይሳ ስረግጥ እንኳ ይቅርታ እጠይቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከባለ አምስት እግሩ ላንድሮቨር ኋላ፣ ከሸራው ሥር ገብቼ ተደበቅሁ። ሰባቱን ቃላት በባለቤቱ ፊት ልናገራቸው አምሮኝ ነበር። መኪናዋ ወንዙ አጠገብ ካለው ሜዳ ስትቆም አያ ይመር እንጨታቸውን ተሸክመው ሩቅ ሄዱ፤ እኔ እንደ ፍየል ዘልዬ ወረድኩ። ፈረንጁ ደነገጠ እንጂ አልተቆጣም። ከፊታችን ክብ ሆኖ የተካበ የድንጋይ ክምር ነበረ፤ ከግመል ቁመት ይበልጣል፣ እኔ ስናገር ደግሞ ከሁለት ግመል። ፈረንጁ ወደሱ እያየ አንድ ነገር አጉረመረመ። የጠየቀኝ መሰለኝ። በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ አንድ ነገር ሳልጨምርበት ተናግሬ የማላውቅ ልጅ፣ ያን ቀን አደብ ገዛሁና ልኩን ብቻ ነገርኩት፤ ማውንድ አልኩ።

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። ራሴን ዳበሰኝ፤ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ከመኪናው ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል አውጥቶ ከክምሩ ግርጌ ቀጠቀጠው። ቀይ ጨርቅ ምን እንደሆነ የካምፑ ዶሮ እንኳ ያውቃል። ኮረብታ ከሆነ ለጥጡ ውሃ የሚወስደው ቦይ ይዞረዋል፤ ጉብታ ከሆነ ቀይ ጨርቅ ይተከልበታል፣ በሳምንቱ ዶዘር መጥቶ ከሜዳው ጋር ያስተካክለዋል። እኔ ግን ለቃሌ የተሰጠኝ ሽልማት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

ከክምሩ ማዶ ካለው ግራር ሥር ሐመዱ ብድግ አለ። ሐመዱ ግመሎቹን ውሃ ሊያጠጣ ሲወርድ ሻይ ቤታችን ደጃፍ ተቀምጦ ከአያ ይመር ጋር የአገሩን ወሬ የሚለዋወጥ አፋር ነው። አልጮኸም፣ አልሮጠም። መጥቶ ችካሉን አየው፤ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ጊሌውን፣ ያን ቆልማማ የአፋር ጩቤ፣ ከወገቡ ፈትቶ ከነአፎቱ ጭኑ ላይ አጋደመው።

አያ ይመር ከሩቅ አይተው ኖሮ እያለከለኩ ደረሱ። ሐመዱ ቀና ብሎ አያቸውና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ይመር፣ አባቴ እዚህ ነው ያለው። ዶዘሩ ሲመጣ እኔንም እዚሁ ያገኘኛል።»

አያ ይመር ወደ ፈረንጁ ዞረው አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ያኔ ነው የገባኝ፤ በእንግሊዝኛ አባት የሚባለውን አያውቁትም፣ መቃብር የሚባለውን አያውቁትም፣ አጥንት፣ እባክህ፣ ተው የሚባለውን አያውቁትም። ማታ ማታ መሬትን ከሆዷ ሲያዋልዱ የሚያመሹ ሰው ከንፈራቸው ደርቆ ቆሙ። ፈረንጁ ይጠብቃል። ሐመዱ ይጠብቃል። እኔ ምድር ተከፍታ እንድትውጠኝ እየጸለይኩ ነበር፤ እሷ ደግሞ ልጅ ማውጣት እንጂ መዋጥ አልለመደችም።

ከዚያ አጎነበሱና መዳፋቸውን ከታች፣ ከመጨረሻው ድንጋይ ላይ አኖሩ። «ማውንድ» አሉ፣ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ «ሂል» አሉ፣ አሁንም ነቀነቁ። ሪጅ አሉ፣ ክሊፍ አሉ፣ ፕላቶ አሉ፤ እጃቸው በድንጋዩ ላይ እየወጣ፣ በእግራቸው ጣት ቆመው እስኪንጠራሩ ድረስ። እዚያ ሲደርሱ እጃቸውን አወረዱና ወደ ሐመዱ ሄደው፣ መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ።

«ማውንቴን» አሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ማውንቴን።»

የመለኪያውን እንጨት መሬት ላይ አስተኙትና ከሐመዱ ጎን ተቀመጡ። እንጨት ያዥ እንጨቱን ካስተኛ ከእንጀራው ወረደ ማለት ነው።

ነፋሱም ቆመ፤ ግመሎቹም ማመስኳታቸውን አቆሙ ብል ማን ያስተባብለኛል። ፈረንጁ ሁለቱን ሰዎች አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ተንበርክኮ ችካሉን ይዞ ጎተተ። ጠንክሮ ቀጥቅጦት ነበርና እምቢ አለው፤ እኔ ሄጄ በሁለት እጄ ያዝኩለት፤ አብረን ነቀልነው። ደብተሩ ላይ አንዱን ሰርዞ ሌላ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አያ ይመርም እኔም ማንበብ አልቻልንም። ዶዘሩ ግን በሳምንቱ መጣና፣ ከክምሩ አጠገብ ሲደርስ እንደ ጨዋ ሰው ዞር ብሎ አለፈ፤ ቦዩም እዚያ ላይ ጎበጠ።

ችካሉን የነቀልን ዕለት ማታ አያ ይመር ተረት አላወሩም። ፍሙ አጠገብ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁና በኔ ምክንያት መሆኑን እያለቀስኩ ነገርኳቸው። አንሥተው ጭሱን ከዓይኔ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

«ያልሽውማ ልክ ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ለመንገደኛ ማውንድ ነው።»

አሁን በሰመራ፣ ያኔ ከነፋስ በቀር ነዋሪ ባልነበረበት ሜዳ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ከልጅነቴ የቀረኝ ይኸው ነው። ሰው ስለ ሟቹ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ላሙ ሲያወራኝ ቁመቱን በክንድ አልለካበትም፤ እሱ ከተቀመጠበት ሆኜ አያለሁ፤ ከዚያ ሲታይ ሁሉም ያስፈራል። አጋነነች ይሉኛል። ልኩን ብቻ የተናገርኩበትን ቀን አያውቁማ።

ችካሉ በተነቀለ በማግስቱ ሐመዱ ሻይ ቤታችን መጥቶ ነበር። እናቴን አስፈቅዶ፣ እኔን ግመል ላይ አውጥቶ ወደ አባቱ ወሰደኝ። አልገሠጸኝም፣ አላመሰገነኝም። አንድ ድንጋይ ከሜዳው አንሥቼ ከክምሩ ላይ እንዳኖር በአገጩ አመለከተኝ። አኖርኩ። ድንጋይዋ ጡጫዬን አታክልም ነበር፤ ክምሩ ግን ሰማዩን ገፋ አድርጎ ከፍ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላመነ ሄዶ ይለካ።