ከደጃችን የራቀው ውኃ

ዛሬ ጠዋት ከተማ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤቴ ውኃ ጠፋና፣ ከዕቃ ቤት አሮጌውን ቢጫ ጀሪካን አውጥቼ ክዳኑን ብከፍተው፣ ያ የታመቀ የፕላስቲክና የጭቃ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ወገቤ ቀድሞኝ አስታወሰ።

አባባ ከሐሙሲት ወደ ጣና ወረድ ብላ ባለችው መንደራችን የቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩ፤ ደመወዝ የለው፣ ስድቡ ግን አይጓደልም። ወረዳው አንድ የእጅ ፓምፕ ብቻ ሲፈቅድልን፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተፋጠጡ። ባለሙያው ሁለት ቦታ ውኃ አገኘ፤ አንዱ ታች ሰፈር ከእኛ ደጅ፣ በጎቻችን ከሚታሰሩበት አጠገብ፣ ሌላው ላይ ሰፈር፣ ዳገቱ ጫፍ። እናቴ በደስታ እንስራዋን ልትሰብረው ምንም አልቀራት። አባባ ግን «ሊቀመንበሩ ለሚስቱ ውኃ አስቆፈረ ከምባል ልጄ ዳገት ትውጣ» ብለው ለላይ ሰፈር ፈረሙ። ልጂቱ እንግዲህ እኔ ነኝ! ማን ጠየቀኝ?

እናቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። እኔ ባዶውን ጀሪካን ይዤ እየወጣሁ ሙሉውን አዝዬ ስወርድ አደግሁ፤ ሴቶቹ «የሊቀመንበር ልጅ፣ ቅደሚ» ሲሉኝ እንኳ፣ አባባ መስማታቸው አይቀርምና ከወረፋው ኋላ እቆም ነበር። አንዳንዴም ቁልቁለቱ ላይ አባባን እረግማቸው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

በኋላ ግምገማ መጣ። ፓምፑ በሩ ላይ የተተከለለት የላይ ሰፈር ሰውዬ ብድግ ብሎ «ለገዛ ቤቱ ውኃ ያላመጣ ለእኛ ምን ያመጣል?» አለ። እጅ ወጣ፣ አባባ ተሻሩ። ማኅተሙን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው አስረክበው እየሣቁ ሲገቡ፣ እናቴ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለቻቸውና ዞር ብላ ዐይኗን ጠረገች።

አባባ ያረፉ ዕለት ለቀስተኛ ሊጎርፍ ሲል ቤታችን ጠብታ ውኃ አልነበረም። ጀሪካኔን ላነሣ ስል የላይ ሰፈር ሴቶች የሞላ ጀሪካን አዝለው፣ ተከታትለው ዳገቱን ሲወርዱ አየሁ፤ ከፊት የዚያ ሰውዬ ሚስት ነበረች። «ተቀመጪ ልጄ፣ ዛሬስ አትወጪም» አለችኝ። ያን ዕለት ደጃችን ላይ ውኃ ሞልቶ ዋለ።

አሁን ቧንቧው ወጥ ቤቴ ድረስ ገብቷል። ውኃው ሲጠፋ ግን እኔና ጀሪካኔ ተፋጥጠን እንቀመጣለን፤ የጎረቤቴን ስም አላውቅ፣ እሷም የእኔን አታውቅ። አባባ፣ ያን ዳገት መልሰው ቢሰጡኝ ዛሬ ሳልረግም እወጣው ነበር። ወረፋውንም ከኋላ ነው የምቆመው።