«አፈር ስሆን» እስኪባል

እንስላል አልወድም። ሳንሆዜ ከሥራ ስወጣ አጥሩ ጥግ የበቀለው ከሸተተኝ መንገድ እቀይራለሁ። ጥፋቱ የእንስላሉ አይደለም። ልጅ ሆኜ እናቴ አጠገቤ ስትደክም የሸተተኝ እሱ ስለነበር ነው።

አሜሪካ በገባን በመጀመሪያው ሰመር ነው። እዚህ ካገኘናቸው ወሎዬዎች ጋር አንድ ቅዳሜ በእግር ልንሄድ ተቀጣጠርን፤ ከኦክላንድ ባሕር ዳር ተነስተን፣ ቁጥቋጦውን አልፈን፣ ምሳ ሳን ሊያንድሮ እትዬ ዘሀራ ቤት። ዕቃችንን ሁሉ አንድ መኪና ይዞ ቀደመን። እማም ቦርሳዋን አብራ ሰጠች። ከረሜላዋ እዚያ ውስጥ ነበር።

እማ የስኳር በሽታ አለባት፤ ከረሜላው ስኳሯ ድንገት ሲወርድባት ነፍሷን የሚመልስላት ነው። ያኔ ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ከንፈር የሚመጥጥልኝ አልፈልግም ትል ነበር፤ ለሰው ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች። የዚያን ቀን ጠዋት መርፌዋን ተወጋች፤ ሰው ይጠብቀናል ብላ ግን ቁርሷን ሳትበላ ወጣች።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ወንዶቹ ወደቡ ላይ ስለሚነዱት ትራክ ይከራከራሉ፣ እኛ ልጆቹ ዝይ እናባርራለን፣ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። ቁጥቋጦው ውስጥ ስንገባ ነፋሱ ቆመ። ግራ ቀኙ ከራሳችን በላይ የቆመ እንስላል ነው፤ ሽታው በሙቀቱ አፍንጫ ላይ ይለጠፋል። የእማ እጅ እጄ ውስጥ ሲርስ የተሰማኝ እዚያ ነው። ቀና ስል ግንባሯን ላብ አጥምቆታል። ልንገራቸው ወይ ብዬ አንሾካሾክኩላት። «ዋ!» አለችኝ።

ወዲያው ሰሚራ በፌስታል ተምር ይዛ መጣች። ሰሚራ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅ የምትማር፣ ደግ ልጅ ናት። ለሁሉም እያዞረች እማ ጋ ደረሰች።

«ተምር ይብሉ።»

«ኧረ ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ኦኬ» ብላ ፌስታሉን ቋጠረችው።

የእማ እጅ ከሻርፑ ሥር እስከ ግማሽ ወጥቶ ነበር። ተመለሰ። እኛ ዘንድ እኮ የመጀመሪያው እምቢታ እንደ ሰላምታ ነው። በሁለተኛውም ሰው ይግደረደራል፤ ከዚያ «አፈር ስሆን» ይባልና ይበላል። በሰሚራ አልፈርድም፤ ያደገችበት አገር እምቢ ያለን ሰው መነዝነዝ ነውር ነው ብሎ አስተምሯታል። ግን ያ ፌስታል እጇ ላይ እየተወዛወዘ ከፊቴ ይሄድ ነበር። መንጠቅ አልችልም፣ መናገር አልችልም። ተከተልኩት።

ከቁጥቋጦው ወጥተን መኖሪያ ሰፈር ገባን። ሣራቸው የተከረከመ፣ ሰው የማይታይባቸው ቤቶች። እማ አንዱ ደጅ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ጫማዬን ላስር ነው አለች፤ ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። ሰዎቹ ከበቧት። አንዱ ውሃ ይላል፣ ሌላው አምቡላንስ እንጥራ ይላል። እኔ ዓይኔን ከሰሚራ ፌስታል ላይ አልነቀልኩም።

እትዬ ዘሀራ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከሁሉም ኋላ ነበር የሚያዘግሙት። ሲደርሱ የእማን ፊት አዩ፣ ምን ሆንሽ አላሉም። ተምሩን ከሰሚራ ተቀብለው ፍሬውን አወጡለት።

«እንኪ የኔ እናት፣ ብይ።»

«ጠግቤያለሁ» አለች እማ።

«ብይ እንጂ።»

«ኧረ በአላህ፣ ጠግቤያለሁ።»

«አፈር ስሆን።»

ያኔ አፏን ከፈተች። አጎረሷት፣ ደገሟት፣ ደጋገሟት። ቀስ በቀስ ዓይኗ ነፍስ ዘራ። እትዬ ዘሀራ ፀሐዩ ነው አሉ፤ ሁሉም ተቀብሎ ፀሐዩ ነው አለ። ምስጢሯም እንደተጠበቀ ቀረ።

አሁን እትዬ ዘሀራ የሉም። እማ ሳን ሊያንድሮ ብቻዋን ናት፣ እኔ በሁለት ሺፍት መሐል ኮል አደርግላታለሁ። በላሽ ወይ ስላት በልቻለሁ ትላለች። ይብላ አይብላ አንጀቷ፣ በምን ልወቀው? በስልክ አይጎረስ።

ባለፈው እሑድ ቤቷ ሄድኩ። ርቦኛል፣ ሳህን ሞልታ አቀረበችልኝ። ከልማድ ነው መቼስ፣ «ጠግቤያለሁ» አልኳት።

«እሺ» አለችና አነሳችው።

እማም አገሩን ለመደች። እኔ ሳህኑ ወደ ኩሽና ሲመለስ በዓይኔ ሸኘሁት፤ እጄ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር።